አስፋልቱና ኮሮጆው፦ የሻሸመኔ ወጣትና የምርጫ ታሪክ

ሰኔ 14 ቀን 1984 ዓ.ም. የኦሮሚያ ከተሞች ለክልልና ለወረዳ ምክር ቤቶች ድምፅ እንዲሰጡ ተጠሩ። ደርግ ከወደቀ ዓመት ከጥቂት ሳምንታት ብቻ ነበር። የኦሮሞ ነፃነት ግንባር (ኦነግ) ግን ድምፅ መስጫው ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ከምርጫው ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ከሽግግር መንግሥቱም ወጥቶ ወደ ጫካ ተመለሰ። ልክ በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ተካሄደ። ያን ጊዜም ኦነግና የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስ (ኦፌኮ) በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ አልነበሩም። በመጀመሪያው ሰኔ 14 ሻሸመኔ ላይ የተወለደ ልጅ በሁለተኛው ሰኔ 14 ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል። የ1996ቱ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው። ልጅነቱም ወጣትነቱም ዋና ተፎካካሪ በጎደለባቸው በእነዚህ ሁለት ምርጫዎች መሃል አለቀ ማለት ነው።

ምርጫ በመጣ ቁጥር ወጣቱ ለፖለቲካ ግድ የለውም የሚል ወቀሳ ይሰማል። ሻሸመኔን ለሚያውቅ ሰው ይህ ወቀሳ ግራ ያጋባል። ያለፉት ስድሳ ዓመታት ፖለቲካ በዚች ከተማ ያለ ወጣት አንድ ቀን አልዋለም። የጎደለው ምርጫ ነው። ወጣቱ ፖለቲካን ያገኘው በአስፋልቱ ላይ ሲሆን፣ ኮሮጆው ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ሲደርስም ብዙ ጊዜ የሚመረጥ ነገር ይዞ አይመጣም።

ስለ አስፋልቱ መናገር ስለ ከተማዋ መናገር ነው። ሻሸመኔ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ላይ ተቆረቆረች። በሰሜን የባቱና የአርሲ ነጌሌ መንገድ ይገባል። በደቡብ የሐዋሳው ይወጣል፤ እሱም በይርጋለምና በዲላ አድርጎ እስከ ሞያሌ ይዘልቃል። በምዕራብ በሀላባ በኩል ወላይታ ሶዶና አርባ ምንጭ ይኬዳል፤ በምሥራቅ ኮፈሌንና ዶዶላን አልፎ ባሌ ይደረሳል። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ደላላው፣ ጫኝና አውራጁ፣ የድንች ነጋዴው፣ ኋላ ደግሞ ባጃጅ ነጂው ኑሯቸው ከዚህ መስቀለኛ ላይ ነው። ስዊድናዊቷ ተመራማሪ ጉኒላ ቢየሬን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመችው ጥናት ሻሸመኔን የመረጠችው ስለ ፍልሰት ለመጻፍ ነበር፤ ከአርሲው ኦሮሞ ጎን ወላይታው፣ ከምባታው፣ ጉራጌው፣ አማራው ሥራ ፍለጋ መጥቶ የሰፈረባት ከተማ ናትና። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ 52 ሺህ ያህል የነበረው ነዋሪ በ1999ኙ ከ100 ሺህ አለፈ። በአሥራ ሁለት ዓመት እጥፍ የሆነ ከተማ የወጣት ከተማ ነው።

ለአካባቢው ሰው በዕድሜ ተራ የሚያዝ ሥልጣን አዲስ ነገር አይደለም። የገዳ ሥርዓት ኦሮሞን በስምንት ስምንት ዓመት እርከን እያሻገረ፣ ወጣቱን በየደረጃው እያስተማረ ወደ ሥልጣን የሚያደርስ ነው፤ ሥልጣኑንም በስምንት ዓመቱ ያስረክባል። ዩኔስኮ በኅዳር 2009 ገዳን በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲያሰፍር፣ የገዳ ልጆች በሆኑት ከተሞች አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ወጣቶች እየታፈሱ ነበር። የአርሲ ሴቶችም ሲንቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው፣ መብታችን ተነካ ሲሉ በአንድነት የሚወጡበት የቆየ ልማድ አላቸው። በገዳ ተራህን ጠብቅ የተባለ ወጣት ተራው መቼ እንደሚደርስ ያውቃል። ከዚያ በኋላ የመጡት መንግሥታት መጠበቁን እንጂ ተራውን አልነገሩትም።

ዘመናዊው ምርጫ የመጣው ከንጉሡ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎችን እንዲመርጥ ፈቀደ። የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 መግቢያ ተደረገ፤ ሰንዱ ገብሩም የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆነው ገቡ። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ተወዳዳሪው 25 ዓመት የሞላውና በምርጫ ወረዳው ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። የምርጫ ወረዳው የተከፈለው 200 ሺህ ያህል ሕዝብ እየተቆጠረ ሲሆን፣ ለብቻው ተጨማሪ እንደራሴ የሚያገኘው ከ30 ሺህ በላይ ነዋሪ ያለው ከተማ ነበር። በሸዋ ጠቅላይ ግዛት በሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሥር የነበረችው ሻሸመኔ ያን ጊዜ ከዚያ በታች ነበረች። የከተማዋ ልጅ በገጠር ባላባቱ ወረዳ ውስጥ ተቆጠረ፤ ያውም ዕድሜው ከደረሰ።

ዕድሜው ያልደረሰው ግን ዝም አላለም። በየካቲት 1957 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው ፓርላማውን ከበቡ። ከሰልፈኞቹ 21 ዓመት ያልሞላቸው ለዚያ ፓርላማ ድምፅ መስጠት አይችሉም ነበር። ጥያቄው ደግሞ ለሻሸመኔ ሩቅ አልነበረም። በ1960ዎቹ በሻሸመኔና በአርሲ ነጌሌ ሜዳዎች ትራክተር ገብቶ ሰፋፊ እርሻ ሲከፈት፣ ለዘመናት መሬቱን ሲያርስ የኖረው ጭሰኛ እየተነቀለ ወደ መንገድ ዳር ይወጣ ነበር።

ደርግ ያንን ትውልድ መጀመሪያ ተጠቀመበት። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 የተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማራ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ትምህርቱን አቋርጦ፣ ካኪ ልብሱን ለብሶ ፊደል ሊያስቆጥርና ገበሬ ማኅበር ሊያደራጅ ወጣ። በሁለት ወሩ፣ የካቲት 25፣ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ አዋጁን ለጭሰኛው አንብቦ ያስረዳው፣ መሬቱንም በገመድ ያስለካው አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ዘማች ነበር። በኢትዮጵያ ታሪክ ወጣት እንደዚያ ቀን ሥልጣን በእጁ ይዞ አያውቅም ማለት ይቻላል። ድምፅ የሰጠበት ሰው ግን የለም።

ቀጥሎ የመጣው ይታወቃል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የተቋቋመው ቀበሌ፣ መጀመሪያ የቤት ኪራይ መሰብሰቢያና የስኳር ማከፋፈያ ነበረ፤ በቀይ ሽብር ዘመን የወጣቱ መጠየቂያና መታሰሪያ ሆነ። በ1972 የአብዮታዊ ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር ተመሠረተ፤ አኢወማ በየቀበሌው ቢሮ ከፍቶ ወጣቱን መዘገበ፣ አሰለፈ፣ አስዘመረ። በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ዜጋ ሁሉ ተጠሪ አደረገ። በ1979 ደግሞ አዲሱ ሕገ መንግሥት የመምረጥ መብትን ከ18 ዓመት ጀመረ። ወጣቱ ለመምረጥ የበቃው ለመዝመት ከተጠራ ከአራት ዓመት በኋላ ነበር።

የ1979ኙ ዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ኮሮጆ አስኬደ። ጥር 24 ቀን በሕገ መንግሥቱ ላይ ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ 81 በመቶው ተስማማ ተባለ። ሰኔ 7 ቀን ደግሞ ለብሔራዊ ሸንጎው 835 አባላት ተመረጡ። ዕጩዎቹን ያቀረቡት የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ፣ የሕዝብ ማኅበራቱና የጦር ክፍሎች ነበሩ። ቀበሌው ስም እየጠራ ያስወጣል፤ የቀረ ሰው ይጠየቃል። ያ ትውልድ ስለ ምርጫ የተማረው የመጀመሪያ ትምህርት ድምፅ መስጠት እንደ ማኅበራዊ ግዴታ፣ እንደ ጽዳት ዘመቻና እንደ ስብሰባ መሆኑን ነው። የቀበሌው ማኅተም የሌለበት ወረቀት ዋጋ እንደሌለው የሚያውቅ ሰው፣ ድምፁንም የሚሰጠው ማኅተሙን ላለማጣት ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ የጸደቀው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 38 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ 18 ዓመት ሲሞላው የመምረጥ መብት አለው ሲል ደነገገ። የፓርቲ ነፃነት፣ የግል ጋዜጣ፣ በአፋን ኦሮሞ መማር ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣ። በቁቤ ፊደል ከአንደኛ ክፍል የጀመረው የኦሮሚያ ልጅ የገዛ ቋንቋውን መጽሐፍ እያነበበ አደገ። ኦነግ በሌለበት በሚያዝያ 1987 በተደረገው ምርጫ ግን በኦሮሚያ የቀረው ትልቁ ድርጅት የገዢው ግንባር የኢሕአዴግ አባል የሆነው ኦሕዴድ ብቻ ነበር። የቁቤው ትውልድ ጥያቄውን ይዞ የወጣው ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ነው። በ1992 በባሌና በቦረና ደን ላይ እሳት ሲነሣና መንግሥት ዘገየ ተብሎ ሲታመን፣ በመላ ኦሮሚያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። በዚያው ዓመት የክልሉ ዋና ከተማ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ እንዲዛወር ተወሰነ፤ በ1996 ይህን የተቃወሙ የኦሮሞ ተማሪዎች ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባረሩ።

ግንቦት 7 ቀን 1997 የተለየ ቀን ነበር። ከምርጫው በፊት በነበሩት ወራት የፓርቲዎች ክርክር በቴሌቪዥንና በሬዲዮ በቀጥታ ተላለፈ። የኢሕአዴግን ንብና የተቃዋሚውን የቅንጅትን ሁለት ጣት የማያውቅ ልጅ አልነበረም። በኦሮሚያ ተቃዋሚዎቹ የዶክተር መረራ ጉዲናው ኦብኮና የአቶ ቡልቻ ደመቅሳው ኦፌዴን ተወዳደሩ። ቤቱ ውስጥ ሬዲዮ ያለው ጎረቤት ደጁን ከፍቶ ያሰማ ነበር፤ ቡና ቤቱም ሻይ ያዘዘውን ያላዘዘውንም አስቀምጦ ክርክሩን አስተናገደ። ሰው በሌሊት ተሰለፈ። ያን ጊዜ ወጣቱ ለፖለቲካ ግድ የለውም ያለ አልነበረም።

ውጤቱ ያስከተለው ውዝግብ በሰኔና በጥቅምት በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ በጥይት ተዘጋ። የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን ቆጠረ። አንድ ነገር ግን በዚያው ሰኔ ተለወጠ፦ የኦሮሚያ ዋና ከተማ ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ተማሪዎች የተባረሩበት ጥያቄ ምርጫው በተደረገ በወሩ መልስ አገኘ፤ ብዙዎችም ነገሩን ቅንጅት አዲስ አበባን ከማሸነፉ ጋር አያያዙት። ድምፅ አንዳንድ ጊዜ ያልታሰበ በር ይከፍታል።

ኢሕአዴግ ከ1997 የወሰደው ትምህርት ወጣቱን ወደ ውስጥ መሳብ ነበር። የፓርቲው አባላት ቁጥር በጥቂት ዓመታት ወደ ሚሊዮኖች አደገ፤ የወጣቶች ሊግና ፎረም በየቀበሌው ተዘረጋ፤ ሰፈር በአንድ ለአምስት ተጠረነፈ። ኮብልስቶን ለመጥረብ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ ሼድ ለማግኘት፣ ብድር ለመውሰድ በቀበሌው መታወቅ ያስፈልግ ነበር። በሻሸመኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ የፈታ ልጅ አባል ካልሆነ ምን እንደሚቀርበት ያውቅ ነበር። ፓርቲው ወጣቱን አገኘ፤ ያገኘው ግን ፊርማውን ነበር።

በግንቦት 2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547ቱ የፓርላማ መቀመጫ 545ቱን ወሰዱ። ግንቦት 16 ቀን 2007 በተደረገው ምርጫ የተቀሩት ሁለት መቀመጫዎችም ተወስደው 547ቱም የእነሱ ሆኑ። ሕገ መንግሥቱ በጸደቀበት ዓመት የተወለደ ወጣት የመጀመሪያ ድምፁን የሰጠው በዚህ መቶ በመቶ ምርጫ ነው።

ከዚያ ስድስት ወር እንኳ አልሞላም። ኅዳር 2 ቀን 2008 በምዕራብ ሸዋ በጊንጪ ከተማ ተማሪዎች በአንድ የኳስ ሜዳና በደን ጉዳይ ሰልፍ ወጡ። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የጋራ ማስተር ፕላን ቀደም ብሎ አስቆጥቷቸው ነበርና ነገሩ ወዲያው በመላ ኦሮሚያ ተዛመተ። በጥር ኦሕዴድ ማስተር ፕላኑን መተዉን አስታወቀ። 547 መቀመጫ ያላስለወጠውን ውሳኔ የሁለት ወር ሰልፍ አስለወጠው። የመቶ በመቶውን ምርጫና ይህን ውጤት በአንድ ዓመት ውስጥ ያየ ልጅ የትኛው መንገድ እንደሚሠራ ማንም ሊያስተምረው አያስፈልግም።

ተቃውሞው ግን በማስተር ፕላኑ መቅረት አልቆመም፤ የካቲት ላይ ወደ ምዕራብ አርሲ ዞረ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እንደዘገበው፣ የካቲት 4 ቀን 2008 ሙሽራ የያዘ አውቶቡስ በሻሸመኔ አቅራቢያ ኬላ ላይ ተያዘ። ፖሊሶች የሚጫወተውን የኦሮሞ ሙዚቃ ዝጉ አሉ፤ ሠርገኞቹ እምቢ ብለው ሄዱ፤ ተኩስ ተከፈተ፤ ሰው ሞተ። በቀጣዮቹ ቀናት በሻሸመኔና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ሰልፍና ግጭት ሆነ። ለዓመታት ስለ መሬት፣ ስለ ሥራና ስለ ሥልጣን የተጠራቀመው ነገር በአንድ የሠርግ ካሴት ምክንያት መፈንዳቱ የሻሸመኔን ሰው ብዙም አላስገረመውም።

መንገድ መዝጋት ምን እንደሆነ የሚገባው መስቀለኛ ላይ ለሚኖር ሰው ነው። መጀመሪያ ድንጋይ ይደረደራል፤ ቀጥሎ የባሕር ዛፍ ግንድ ይጋደማል፤ ጎማ ይቃጠላል። ባጃጆቹ ከሁሉ ቀድመው ይሰወራሉ። ሱቆች የብረት በራቸውን ይጎትታሉ፤ መናኸሪያው ባዶ ይሆናል። ከሞያሌ የመጣው ከባድ መኪና ከተማዋ መግቢያ ላይ ይቆማል፤ ከአርባ ምንጭ የተጫነው ሙዝ በፀሐይ ይጠቁራል፤ የይርጋ ጨፌው ቡና አዲስ አበባ አይደርስም። በሁለተኛው ቀን ወሬው ዋና ከተማዋ ላይ ይሰማል፤ በሦስተኛው ቀን ዋጋው። ቄሮ የሚባለው የወጣቶች እንቅስቃሴ ጉልበት ከዚህ ነበር። የካቲት 5 ቀን 2010 የተጀመረው የሦስት ቀን አድማ የኦሮሚያን መንገዶች ሲዘጋ፣ በሁለተኛው ቀን የኦፌኮው መሪ አቶ በቀለ ገርባ ከእስር ወጡ፤ አድማው ባበቃ በማግስቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ።

ዋጋው ከባድ ነበር። መስከረም 22 ቀን 2009 በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል ላይ በአስለቃሽ ጭስና በግርግር ብዙ ሰው ገደል ገብቶ ሞተ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2008 መጨረሻና በ2009 መጀመሪያ በነበረው ሁከት 669 ሰዎች መሞታቸውን፣ ከእነሱም 495ቱ በኦሮሚያ መሆናቸውን ለፓርላማ አቀረበ። መንግሥት በበኩሉ ወጣቱ የቸገረው ሥራ ነው ብሎ የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ አቋቋመ። ስለ ሥራው ልክ ነበር፤ ጥያቄው ግን በብድር ብቻ የሚመለስ አልነበረም።

መጋቢት 24 ቀን 2010 ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ አስፋልቱ ያሸነፈ መሰለ። እስረኛው ተፈታ፣ ስደተኛው ተመለሰ። ነሐሴ 6 ቀን ከስደት የተመለሰውን የኦሮሞ ፖለቲከኛ ጃዋር መሐመድን ለመቀበል የሻሸመኔ ስታዲየም ከአቅሙ በላይ ሞላ። በግፊያው ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዕለት ቦምብ ይዟል የሚል ወሬ የተነዛበት አንድ ሰው በሕዝብ ተደብድቦ ተገደለ፤ አስከሬኑም ተሰቀለ። ምስሉ በየስልኩ ዞረ። በሦስት ዓመት ሰልፍ ጉልበቱን ያወቀ ሕዝብ ጉልበቱን የሚገታ ሥርዓት እንዳላበጀ ያን ቀን ታየ። ፖሊሱ ፈርቷል፤ ቀበሌው ተንቋል፤ ሽማግሌው አልተሰማም።

በዚያው ሰሞን፣ ከሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ላይ በሐዋሳ፣ ሌላ ታሪክ እየሆነ ነበር። የሲዳማ ሰው የራሱን ክልል ሲጠይቅ ኖሯል፤ ግንቦት 16 ቀን 1994 በሐዋሳ ጉዳይ ሎቄ ላይ ሰልፍ የወጡ ሰዎች በጥይት ተገድለዋል። በ2010 ኤጄቶ የሚባለው የወጣቶች እንቅስቃሴ ጥያቄውን ተረከበ። ሐምሌ 11 ቀን 2011 ክልሉን በራሳችን እናውጃለን ሲሉ ብዙ ሰው ሞተ፤ ኮማንድ ፖስት ገባ። ከዚያ ግን ምርጫ ቦርድ ቀን ቆረጠ፤ ኅዳር 10 ቀን 2012 ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ። ከ2.2 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ፣ ከመራጩ 98.5 በመቶው ክልል ይሁን አለ። ሐምሌ ላይ ድንጋይ ይዞ የወጣው ወጣት ኅዳር ላይ በሌሊት ተሰልፎ አውራ ጣቱን ቀለም አስነከረ። ሰኔ 11 ቀን 2012 ሲዳማ ክልል ሆነ። የሲዳማውና የሻሸመኔው ወጣት በትምህርትም በኑሮም ይህን ያህል አይለያዩም። ልዩነቱ ለአንዱ ጥያቄው ራሱ በወረቀቱ ላይ ተጽፎ መቅረቡ ነው።

ለሻሸመኔው ወጣት ያን የመሰለ ቀን ሊመጣ ይችል ነበር። ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ በነሐሴ 2012 እንዲሆን ታቅዶ ነበር፤ ጃዋር ኦፌኮን ተቀላቅሎ ለመወዳደር ተዘጋጅቶ ነበር፤ ኦነግም ከኤርትራ ተመልሶ ተመዝግቧል። ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ በኦሮሚያ ከተሞች እውነተኛ ፉክክር ሊታይ ነው ተባለ። መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ምርጫው ተራዘመ። ሰኔ 22 ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ ተገደለ።

በማግስቱ ሻሸመኔ ነደደች። ሆቴሎች፣ ሱቆች፣ ትምህርት ቤቶች፣ መኖሪያ ቤቶች ተቃጠሉ፤ የአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ ሆቴልም አንዱ ነበር። ጥቃቱ በብሔርና በሃይማኖት የተመረጡ ጎረቤቶች ላይ ያነጣጠረ እንደነበር የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በምርመራው ገልጿል፤ በክልሉ በተመረመሩት 40 አካባቢዎች 123 ሰዎች መሞታቸውንና ቢያንስ 500 መቁሰላቸውን አስፍሯል። የተገደሉት ከፊሎቹ በጥቃት ፈጻሚዎች፣ ከፊሎቹም በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ነው። መንግሥት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አሰረ፤ ጃዋርና በቀለ ገርባም ታሰሩ። ቢየሬን የጻፈችላት፣ ከየአቅጣጫው በመጣ ሰው የተገነባች ከተማ በዚያ ሁለት ቀን የተጎዳችው በሥሯ ላይ ነው። ለወራት የተቃጠሉት ሕንፃዎች ጥቁር ግድግዳቸው ዋናው መንገድ ላይ ቆሞ ነበር፤ በእነሱ ውስጥ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩትም አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ።

ኦፌኮ ቢሮዎቼ ተዘግተዋል፣ አባሎቼ ታስረዋል ብሎ ከምርጫው ወጣ፤ ኦነግም እንዲሁ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ሲደርስ በብዙ የኦሮሚያ ምርጫ ወረዳዎች ኢሕአዴግን የተካው ገዢው ፓርቲ ብልጽግና ያለ ተፎካካሪ ወይም ከደካማ ተፎካካሪ ጋር ቀረበ። ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው በአገሪቱ ተመዘገበ፤ ብልጽግና ውጤታቸው ከተገለጸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን አሸነፈ።

የድምፅ አሰጣጡ ሥርዓት ራሱ ከቀድሞው የተሻለ ነበር ማለት ይቻላል። ምርጫ ቦርድ በብርቱካን ሚደቅሳ ሰብሳቢነት አስፈጻሚዎቹን አሠልጥኖ አሰማርቷል፤ በአንድ ጣቢያ የሚመዘገበው ከ1,500 መራጭ እንዳይበልጥ ተደርጓል። መራጩ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ካርዱን ይዞ ይሰለፋል፤ ስሙ ከመዝገቡ ላይ ይፈለጋል፤ ይፈርማል፤ ጣቱ የማይለቅ ቀለም ይቀባል፤ ወረቀቱን ይዞ ከመጋረጃው ጀርባ ይገባል። ሁሉም ነገር ተሟልቷል። የሚጎድለው ከመጋረጃው ጀርባ ሲገቡ የሚታየው ነው።

ወደ መጋረጃው ለመድረስም መታወቂያ ያስፈልግ ነበር። በ2013ቱ ምርጫ የሚመዘገበው በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ ሰው ነበር፤ ነዋሪነቱ የሚረጋገጠውም በዋናነት በቀበሌ መታወቂያ ነበር። ከወላይታ ወይም ከሀዲያ መጥቶ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ ባጃጅ የሚነዳ ወጣት ግን መታወቂያ ለማውጣት መሸኛ ከመጣበት ቀበሌ ማምጣት ነበረበት፤ አከራዩም ልመስክርልህ ላይለው ይችል ነበር። ለአስፋልቱ ግን መሸኛ አይጠየቅም።

በሻሸመኔው ጃማይካ ሰፈር ደግሞ ሌላ ዓይነት ወጣት አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለኢትዮጵያ ለቆሙ ጥቁር ሕዝቦች በሻሸመኔ አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ፤ ከካሪቢያን የመጡ ራስተፈሪያን ሰፈሩበት፤ ደርግ አብዛኛውን ወረሰው። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ሻሸመኔ ተወልደው አማርኛና አፋን ኦሮሞ እየተናገሩ አደጉ። በ2009 መንግሥት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ እንዲሰጣቸው ወሰነ፤ ያለ ቪዛ መግባት፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ መኖር ቻሉ። መታወቂያው የተመሠረተበት የ1994ቱ አዋጅ ግን መምረጥና መመረጥን አይጨምርም። ጎረቤታቸው ድምፅ ያለው ሆኖ የሚመርጠው ሲያጣ፣ እነሱ ድምፁ ራሱ የላቸውም።

በሰኔ 2012 የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የነበረ ሁሉ በ2018 የመምረጥ ዕድሜ ላይ ደርሷል። የ1997ቱን ክርክር አላየም፤ የመቶ በመቶውን ምርጫ በወሬ ይሰማል፤ የቄሮን አድማ በልጅነቱ ያስታውሳል፤ ከተማዋ ስትቃጠል ግን በበሩ ቀዳዳ አይቷል። ወላጆቹ ውጣ አይሉትም፣ ግባ አይሉትም፤ አርፈህ ትምህርትህን ተማር ይሉታል። እሱ ካርድ ያውጣ አያውጣ የሚወሰነው ለምርጫ ውጡ የሚል ሞንታርቦ የጫነ መኪና በሰፈሩ ስለዞረ አይደለም። ከዋናው መንገድ ዳር የስንት ፓርቲ ቢሮ ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ ከቢሮው የወጣ ሰው ማታ ቤቱ ይገባል ወይ፣ ከመጋረጃው ጀርባ በተዘረጋው ወረቀት ላይ ስንት ምልክት አለ? ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፤ የምርጫ ዘመቻ የሚካሄድበት የሻሸመኔ ቀበሌም መልሱን ከወጣቱ ቀድሞ ያውቀዋል።